«እና ናቲ ምን አደረገ?»፦ ለልጆች ታሪክ ስንጽፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ጊዜ የጻፍኩትን የልጆች ታሪክ ለጎረቤት ልጆች አነበብኩላቸው። ናቲ የሚባል ልጅ ሽንኩርት እንዲገዛ ይላካል። የያዘው 200 ብር ከእጁ ያመልጥና በቱቦ ክዳን ፍርግርግ ውስጥ ይገባበታል። ናቲ ያለቅሳል። አባቱ ከሥራ ሲመለስ ያገኘዋል፣ ብሩን በሽቦ ስቦ ያወጣለታል፣ «ሁለተኛ ገንዘብ ስትይዝ ተጠንቀቅ» ብሎ ይመክረዋል። አለቀ።

አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እና ናቲ ምን አደረገ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ናቲ ምንም አላደረገም።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም ሆነ የሰው ረቂቅ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው የእሷን ጥያቄ ነው።

ችግሩን ትልቅ ሰው ሲፈታው

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ለልጆች የምንጽፈው ወላጆች፣ አስተማሪዎች፣ አክስትና አጎቶች ነን። ልጅ ሲቸገር ስናይ እጃችን ቶሎ ይዘረጋል። በኑሮ ይሄ ደግነት ነው። በታሪክ ውስጥ ግን ልጁን ከገዛ ታሪኩ ያስወጣዋል። የሚያዳምጠው ልጅ ራሱን ናቲ አድርጎ ተቀምጧል። አባት መጥቶ ብሩን ሲያወጣ እሱም ቁጭ ብሎ ከማየት ሌላ የሚያደርገው ነገር አይኖረውም።

ታሪኩን እንደገና ስጽፈው አባትየውን ከሥራ አላመጣሁትም። ናቲ መጀመሪያ እጁን ሰደደ፤ ክንዱ በፍርግርጉ አልገባ አለ። እንጨት ፈልጎ አመጣ፤ እንጨቱ ብሩን ነካው፣ ግን ጭራሽ ወደ ውስጥ ገፋው። ያኔ የእህቱ የሚሚ ማስቲካ ትዝ አለው። እንጨቱ ጫፍ ላይ ቢለጠፍ ብሩን ይይዝለታል! ችግሩ ሚሚ አኩርፋለች። ጠዋት ብይ ሲጫወት «አንቺ ሕፃን ነሽ፣ ሂጂ» ብሎ አባሯታል። አሁን ብሩን ከማውጣቱ በፊት እህቱን መለማመጥ አለበት።

ስለ ይቅርታ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ናቲ ይቅርታ የጠየቀው ማስቲካው ስለሚያስፈልገው ነው። እየጠየቃት ሳለ ግን ጠዋት ያደረገውን ያየዋል።

ትልልቅ ሰዎች ጭራሽ አይግቡ ማለቴ አይደለም። ባለሱቁ ከወዲያ ሆነው «ልዘጋ ነው፣ ቶሎ በል!» ቢሉት ግሩም ነው፤ ጭንቀቱ ይጨምራል። መፍትሔውን ግን ለልጁ ተዉለት።

ከምክር መጀመር

ብዙዎቻችን ብዕር የምናነሳው «ስለ ታማኝነት ልጻፍ» ብለን ነው። ከዚያ አንድ ታማኝ ልጅ፣ አንድ ውሸታም ልጅ እንፈጥርና መጨረሻ ላይ ውሸታሙን እንቀጣዋለን። ልጆች ይሄን ገና ከሩቁ ይለዩታል። ቀኑን ሙሉ ሲመከሩ ነው የሚውሉት።

ከልጁ ፍላጎት ጀምሩ። የሚፈልገው ነገር በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚያዝ ቢሆን ይሻላል፦ የጠፋች ጫጩት፣ የበዓል ጫማ፣ ቱቦ ውስጥ የገባ ብር። «ደስታ» የሚባለው ለስድስት ዓመት ልጅ አይታየውም።

የአንበሳውን ፀጉር ተረት አስታውሱ። አንዲት ሴት የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ስላለ ወደ አዋቂ ትሄዳለች። (በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ያስቸገራት ባሏ ነው።) አዋቂው «የአንበሳ ፀጉር አምጪልኝ» ይላታል። ሥጋ ይዛ ትሄዳለች። መጀመሪያ ከሩቅ ትጥልለትና ትሸሻለች። በሌላ ቀን ትንሽ ትቀርባለች። ደግሞ ትንሽ። ቀን በቀን እየቀረበች በመጨረሻ አጠገቡ ሆና ከፀጉሩ ትወስዳለች። ተረቱ የትዕግሥት ተረት ነው። እኛን ትንፋሻችንን ያስያዘን ግን በሷና በአንበሳው መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ዛሬ ስንት እርምጃ ቀረበች? ፍላጎቷ ይታያል፣ እንቅፋቱ ጥርስ አለው፣ ፀጉሩንም የወሰደችው ራሷ ናት። እኔ በብዙ ድካም የተማርኩት እዚህ ተረት ውስጥ ድሮም ነበር።

ክፉዋ እንጀራ እናት

ይሄው ተረት ሌላም ያሳየናል። ባለታሪኳ የእንጀራ እናት ናት፣ የምትፈልገውም መወደድ ነው። እኛ ግን ክፉ ሰው ሲያስፈልገን ቶሎ ብለን እንጀራ እናትን እንጠራለን። ክፍል ውስጥ ታሪካችንን ከሚሰሙት ልጆች መሀል ማታ ወደ እንጀራ እናቱ ቤት የሚገባ አለ። እሱን አስቡት። ልጁን የሚያስቸግር ሰው ካስፈለገ የራሱ ምክንያት ይኑረው። ሚሚ ማስቲካውን የከለከለችው ክፉ ሆና አይደለም፤ ተከፍታ ነው።

«ጎበዝ፣ ቆንጆና ታዛዥ ልጅ ነበረች»

ሦስት ቅጽል ደርድረን ገጸ ባሕርይ የፈጠርን ይመስለናል። እንዲህ ያለች ልጅ ጥፋት ስለማትሠራ ታሪክ አይኖራትም። እመት ጦጢትን እዩ፤ ብልጥ ናት፣ ግን ትዋሻለች። አያ ጅቦ ጉልበት አለው፣ ግን ሆዱ አይችልለትም፤ ሥጋ አለ ካሉት ገደል ይገባል። የሚታለለው በሆዱ ነው፣ ስለዚህ ባሕርይውን ስትነግሩን ታሪኩን ግማሽ ነገራችሁን ማለት ነው። ናቲም እህቱን የሚንቅ ልጅ ባይሆን ኖሮ ማስቲካውን በቀላሉ ያገኝ ነበር። ለገጸ ባሕርያችሁ አንድ ጉድለት ስጡትና ጉድለቱ መንገድ ላይ ያስቸግረው።

«ከዚያ… ከዚያ… ከዚያ»

ናቲ ተነሳ፣ ከዚያ ቁርስ በላ፣ ከዚያ ሱቅ ሄደ፣ ከዚያ ውሻ አየ። ይሄ የቀን ውሎ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ከሁለቱ ክስተቶች መሀል «ከዚያ»ን አውጡና «ስለዚህ» ወይም «ግን» አስገቡበት። እንጨቱ ብሩን ነካው፣ ግን ወደ ውስጥ ገፋው፤ ስለዚህ የሚጣበቅ ነገር ፈለገ። ውሻው በሁለቱም ካልገባ ውሻውን አውጡት፣ ምንም ቢያሳሳችሁ።

ግጭት መፍራት

ልጆች እንዳይጨነቁ ብለን ችግሩን እናለሳልሰዋለን። ብሩ ወደቀ፣ ወዲያው ተገኘ። ሌሎቻችን ደግሞ ጦርነትና አፈና እናመጣለን። መለኪያው ዕድሜው ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ያለ አሻንጉሊቱ መተኛት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለልጁ ግን ከልቡ ሊያስጨንቀው ይገባል።

ዘግይቶ መጀመር

የሥዕል መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ወረቀቱ ታጥፎ ሲታተም በ8 እና በ16 ገጽ ስለሚሄድ። ከዚያ ላይ የርዕስና የአሳታሚ ገጾች ይቀነሳሉ። ናቲ የት እንደተወለደና ሰፈሩ ምን እንደሚመስል ስንተርክ 10 ገጽ ካለቀ ለቱቦው ምን ቀረን? ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ይላል፣ ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ፣ ወዲያው ጅቡ ይራበዋል።

ሁሉም እንደ ዜና አንባቢ ሲናገር

የአዲሱ ታሪክ የመጀመሪያ ረቂቅ ውስጥ ናቲ እህቱን «እባክሽ እህቴ፣ ማስቲካሽን ልትሰጪኝ ትችያለሽን?» ይላት ነበር። እንዲህ የሚናገር ልጅ አይቼ አላውቅም። አሁን እንዲህ ሆኗል፦

«ሚሚዬ፣ ማስቲካሽን… ትንሽ ብቻ።»

«እምቢ። ሕፃን ነኝ አይደል?»

ዓረፍተ ነገር ሲረዝም ደግሞ በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ትንሽ ልጅ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋበታል። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩት በአፍ በሚነገር አማርኛ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ለሚያድግ ልጅማ የሚያውቀው አማርኛ ቤት ውስጥ የሚሰማው ብቻ ሊሆን ይችላል። የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ካጠራችሁ ቁረጡት።

ካለቀ በኋላ መቀጠል

በአዲሱ ታሪክ የአባትየው ምክር ቀርቷል። ብሩ ይወጣል፣ ሽንኩርቱ ይገዛል፣ ማታ ናቲና ሚሚ ብይ ይጫወታሉ። መጀመሪያ የምትወረውረው ሚሚ ናት።

ለዚያችው ልጅ ወስጄ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሳትንቀሳቀስ ሰማችኝ። ከዚያ «ለሚሚ ሌላ ማስቲካ ገዛላት?» አለችኝ።

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። ከሽንኩርቱ መልስ ላይ አምስት ብር ቀንሼ አንድ ገጽ ጨመርኩ።