የባንድ ሙዚቃን ከጎንደር በቀጥታ ለማሰራጨት መሣሪያና ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል?

በጎንደር መድረኮች ማሲንቆና ክራር ከኪቦርድና ከቤዝ ጊታር ጋር አብረው ሲጫወቱ ማየት የተለመደ ነው። ይህንን ጨዋታ በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር ለሚኖር አድማጭ በቀጥታ ለማድረስ የሚያስብ ባንድ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያጠያይቀው የካሜራ ዋጋ ነው። ገንዘቡ ግን መጀመሪያ በድምፅ፣ ቀጥሎ በኢንተርኔትና በመብራት፣ በመጨረሻም በካሜራ ላይ ቢውል ይሻላል። ምስሉ ደብዘዝ ያለ ሙዚቃ ይደመጣል፤ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ሙዚቃ ግን ምስሉ የቱንም ያህል ቢጠራ ቁጭ ብሎ የሚከታተለው አይገኝም።

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛት በፊት ዝግጅቱ የሚካሄድበትን ቤት ኢንተርኔት መለካት ያስፈልጋል። የሚፈለገው የማውረጃው ሳይሆን የመላኪያው ፍጥነት ሲሆን፣ መለካት ያለበትም ዝግጅቱ በሚቀርብበት ሰዓት ነው፤ በተለይ በጥምቀት ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላ፣ ረፋድ ላይ የነበረው የሞባይል ኔትወርክ ማታ ላይገኝ ይችላል። ለ720 ጥራት በሰከንድ 3 ሜጋቢት ያህል ስለሚበቃ፣ መስመሩ ቢያንስ የዚህን እጥፍ፣ ማለትም 6 ሜጋቢት መላክ መቻል አለበት። በዚህ መጠን የአንድ ሰዓት ስርጭት ወደ 1.4 ጊጋባይት ዳታ ስለሚወስድ ፓኬጅ ሲገዛ ይህ ይታሰብ። ግድግዳቸው ወፍራም በሆነ የድንጋይ ቤቶች ውስጥ የሞባይል ራውተሩን መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ፣ ከራውተር ወደ ላፕቶፕም ከዋይፋይ ይልቅ ገመድ መዘርጋት ይመረጣል።

ቀጣዩና ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሥራ ድምፅን ከሚክሰር መውሰድ ነው። ብዙዎች ወደ ሞንታርቦ የሚሄደውን ድምፅ እንዳለ ወደ ላፕቶፕ ያስገባሉ። በአነስተኛ አዳራሽ ግን ድራሙና የቤዝ ጊታሩ ማጉያ በራሳቸው ጉልበት ስለሚሰሙ፣ የድምፅ ባለሙያው በሚክሰሩ በኩል የሚያሳልፈው በአብዛኛው የዘፋኙንና የማሲንቆውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ የተሟላ ሆኖ የሚሰማው ሙዚቃ በስልክ ለሚከታተለው ሰው ድራምና ቤዝ የሌለው ሆኖ ይደርሰዋል። መፍትሔው ቢያንስ አንድ ነፃ የኦግዚለሪ መውጫ (ከዋናው የተለየ ተጨማሪ የድምፅ መውጫ) ያለው ሚክሰር መምረጥና በዚያ መውጫ ለስርጭቱ ብቻ የሚሆን ሌላ ሚክስ ማዘጋጀት ነው። በዚህ ላይ የአዳራሹን ድምፅ የሚወስድ አንድ ኮንደንሰር ማይክ ከባንዱ ፊት ለፊት በ2 ወይም በ3 ሜትር ርቀት ይቆማል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅበት፣ ማይኩ ከአዳራሹ ጀርባ ቢተከል የሚቀዳው ከሚክሰሩ ዘግይቶ ይደርስና እንደ ገደል ማሚቶ ያስተጋባል።

ሁለቱን ድምፆች ወደ ላፕቶፕ ለማስገባት እንደ ፎከስራይት ስካርሌት ቱ አይ ቱ ያለ ባለ ሁለት መግቢያ የድምፅ ካርድ ይበቃል። ኮንደንሰር ማይክ የ48 ቮልት ኃይል ስለሚፈልግ ካርዱ ይህንን መስጠቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ሁለቱ መግቢያዎች እንደ ግራና ቀኝ ስለሚቆጠሩ በማሰራጫው ሶፍትዌር የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ሞኖ የሚለው ካልተመረጠ፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚከታተለው ሰው ዘፋኙን በአንድ ጆሮው ብቻ ይሰማዋል። ለማሲንቆ ማይኩን ከቆዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቆ፣ ደጋኑ በማይነካው አቅጣጫ ማቆም መልካም ነው። የኤሌክትሪክ ክራር ደግሞ በዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ድምፅ ለሚክሰር በሚመች መልክ በሚቀይር ትንሽ ሳጥን) በኩል ወደ ሚክሰር ቢገባ እምምም የሚለው የመብራት ድምፅ ይቀንሳል።

ካሜራን በተመለከተ ለጀማሪ ባንድ በትራይፖድ ላይ የቆመ ጥሩ ስልክ በቂ ነው። ካሜራ የሚገዛ ግን በኤችዲኤምአይ የሚያወጣው ምስል ከጽሑፍና ከምልክት የጸዳ መሆኑን ሱቅ ውስጥ እያለ ያረጋግጥ፤ ከዚያም ምስሉን ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ ካፕቸር ካርድ ያስፈልገዋል። ካሜራዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አራት መግቢያ ያለው የብላክማጂክ ኤቴም ሚኒ የተባለው የካሜራ መቀያየሪያ ሥራውን ያቀልላል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ካሜራው በሰከንድ 25 ምስል፣ ሻተሩም 1/50 ሰከንድ ላይ ቢደረግ የመድረኩ አምፖሎች በቪዲዮው ላይ አይርገበገቡም።

ከሶፍትዌሮች ኦቢኤስ ስቱዲዮ ነፃ ከመሆኑም በላይ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ስለሚሠራ ለአብዛኛው ባንድ እርሱን እመክራለሁ። ቪሚክስ ብዙ ካሜራ ለሚያንቀሳቅስ ይመቻል፤ ነገር ግን በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራና የሚከፈልበት ነው። በስልክ ብቻ ለሚያሰራጭ ላሪክስ የተባለው መተግበሪያ ይሆናል። በኦቢኤስ ውስጥ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚላከው የዳታ መጠን) ቋሚ፣ ኪፍሬሙ (ሙሉ ምስል የሚላክበት የጊዜ ልዩነት) 2 ሰከንድ፣ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ ይደረጋል፤ ባንዱ እጅግ የሚጮኸውን ዘፈን ሲጫወትም የድምፅ መለኪያው ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ባለው ቦታ እንዲቆም ይስተካከላል። ዩቲዩብ የቀጥታ ስርጭትን ለአዲስ ቻናል ለመክፈት እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ፈቃዱን በዋዜማው መጠየቅ አይበቃም።

ምስሉ በካፕቸር ካርድ ሲያልፍ ከድምፁ ይዘገያል። እስክስታ በሚመታበት መድረክ ላይ ይህ ጉድለት ወዲያው ይታያል፤ ትከሻው ከከበሮው ኋላ ይቀራል። አንድ ሰው ካሜራው ፊት ቆሞ ያጨብጭብ፤ ቀረጻው ይታይና፣ መዳፎቹ በሚገናኙበት ቅጽበት ጭብጨባው እስኪሰማ ድረስ ድምፁ በኦቢኤስ ውስጥ በሚሊሰከንድ እየተለካ እንዲዘገይ ይደረግ።

የመብራት መቋረጥን በተመለከተ ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም ራውተሩና ሚክሰሩ የላቸውም፤ ጄነሬተር እስኪነሳ ድረስ ሁለቱን የሚይዝ ዩፒኤስ መግዛት ግድ ነው። ስርጭቱ ቢቋረጥም ሥራው እንዳይጠፋ ኦቢኤስ ጎን ለጎን በላፕቶፑ ላይ ይቅዳ፤ የፋይሉ ዓይነትም ኤምፒ4 ሳይሆን ኤምኬቪ ይሁን፤ ኮምፒውተሩ በድንገት ቢጠፋ ኤምፒ4 ፋይል ሳይከፈት ሊቀር ሲችል፣ ኤምኬቪ እስከ ጠፋበት ሰዓት ድረስ የተቀዳውን ይዞ ይቆያል።