ልጆቹ ክረምቱን ቤት ናቸው፣ ማጀት አስገቧቸው

ትምህርት ተዘግቶ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሞባይል ላይ ተደፍተው በየሰዓቱ "ማሚ ራበኝ" ሲሉ ቺፕስና ብስኩት ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ይቀላል፣ ግን ምግብ ለማስተማር ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም። ለምን መሰላችሁ፣ ጎመን እንደልብ የሚገኘው አሁን ነው፣ ወደ ነሐሴ ሲገባ የበቆሎ እሸቱ በየመንገዱ ነው፣ ኮክ አለ፣ ደሞ ፍልሰታ (ከነሐሴ 1 እስከ 15) ብዙ ልጆች ራሳቸው ካልፆምን ብለው የሚፆሙት ስለሆነ አትክልት ብሉ እያላችሁ መጨቃጨቁ ራሱ ይቀንሳል። ወንዱም ሴቷም ይግቡ፣ "ወንድ ልጅ ማጀት ምን ሊሰራ" የምትል አያት ካለች እሷንም ጎመን ቀንጥሺልን በሏት።

መጀመሪያ ጉሊት ይዛችኋቸው ሂዱ፣ ሱፐርማርኬት አይደለም፣ ወቅቱ የሚታየው ጉሊት ነው። ለልጁ ትንሽ ብር ስጡትና በዚህ የሚበዛልህን አትክልት ግዛ በሉት። ቲማቲም ጠይቆ ዋጋው ሲያስደነግጠው ዝናብ ሲበዛ ቲማቲም በሽታ እንደሚመታውና ቶሎ እንደሚበላሽ ንገሩት፣ ቀጥሎ ጎመኑን ሲጠይቅ ልዩነቱን ራሱ ያየዋል። ግድግዳ ላይ ቻርት ከመለጠፍ ይሄ በስንት ጣዕሙ።

የመጀመሪያው ምግብ ጎመን ይሁን። ቅጠሉን ከወፍራሙ አገዳ መቀንጠስ የ6 ዓመት ልጅም ይችላል። ማጠቡ ላይ አትቸኩሉ፣ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ነክሮ ማንሳት፣ ውሃውን ደፍቶ እንደገና መሙላት፣ ሳፋው ስር አፈር መቅረቱ እስኪያቆም ድረስ፣ ልጆች ይሄን ሲወዱት ለጉድ ነው፣ ወለሉ በውሃ ይሞላል እሱን ቻሉት። ሳይከተፍ ነው የሚታጠበው፣ ከተከተፈ በኋላ ከታጠበ ቫይታሚን ሲው አብሮ ከውሃው ጋር ይሄዳል። 8 ወይ 9 ዓመት የሞላው ልጅ አጠገቡ ቆማችሁ ትንሽ ቢላ ይያዝ፣ አትክልቱን የሚይዝበት እጁ የጣቶቹ ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። የደነዘ ቢላ እንዳትሰጡት፣ እያንሸራተተ እጅ የሚቆርጠው እሱ ነው። እሳት ጋር ግን ብቻውን አይቁም፣ ይሄ ላይ ድርድር የለም።

አሰራሩ ቀላል ነው፣ ቀይ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት ይቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርት ይግባ፣ ጎመኑ ተከትፎ ትንሽ ውሃ ጠብ ተደርጎለት ይከደን፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ስንጥቅ ቃሪያና ጨው መጨረሻ ላይ (አዮዲን ያለው ጨው ሙቀት ሲበዛበት አዮዲኑ ይቀንሳል)። ልጁ በየመሀሉ ክዳኑን አስከፍቶ ቀለሙን ይይ፣ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ይውጣ። ብዙ ልጅ ጎመን አልወድም የሚለው እኮ ተቀቅሎ ተቀቅሎ የጠቆረ ጎመን ስለሚቀርብለት ነው። ሲቀርብ ሎሚ ጭመቁበት፣ ቫይታሚን ሲ ከጎመኑ አይረኑን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል፣ ሻይ ግን ስለሚቀንሰው ከምግቡ ጋር አይሁን፣ ቆየት ተብሎ ይጠጣ።

በቆሎ እሸት ላይ አመራረጡን አሳዩት፣ ፍሬውን በጥፍር ጫን ሲለው ነጭ ወተት ካወጣ ለጋ ነው፣ ምንም ካላወጣ ደርቋል። መቀቀሉም መጥበሱም ይሄዳል፣ ከመክሰስ ብስኩት በብዙ ይሻላል። ለቡሄ ሙልሙል ሊጡን እነሱ ያድቦልቡሉ፣ ቅርፁ ቢጣመም ምን ችግር አለው። መስከረም ሲጠባ ዱባ፣ ቀጥሎ የባቄላና የአተር እሸት እያላችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ሚያዝያ ግንቦት ላይ ደሞ ማንጎ አለ። የዱባውን ፍሬ እንዳትጥሉት፣ ታጥቦ ደርቆ ምጣድ ላይ ሲቆላ ጥሩ ቆሎ ነው።

አልበላም ካለ አታስገድዱት፣ አንድ ጉርሻ ይቅመስ ከዛ ይተው፣ በሌላ ቀን እንደገና ይቅረብለት፣ ልጅ አዲስ ምግብ የሚለምደው ብዙ ጊዜ ቀምሶ ነው። እናንተም አብራችሁ ብሉ እንጂ ለሱ ጎመን ለራሳችሁ ጥብስ እንዳይሆን።

ትምህርት ሲከፈት ምሳ ዕቃውን ራሱ ይሙላ፣ እናንተ ምርጫውን ብቻ አቅርቡለት፣ ከአትክልቱ አንድ፣ ከምስር ወይ ከሽሮ ወይ ከእንቁላል አንድ፣ ፍራፍሬ አንድ። ሽሮውን ወፈር አድርጉት እንዳይፈስ፣ ትኩስ ከሆነ ደሞ ቀዝቀዝ ሳይል አይከደን፣ እንፋሎቱ እንጀራውን አርጥቦ ያበላሸዋል።