ሲፒዲን ከፎልደር እናውጣው፦ ከአይሁድ ትምህርት ቤቶች የምንወስደው ዘዴ

ጅማ ውስጥ የምታስተምሩ ከሆነ ሲፒዲ (የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ሲባል መጀመሪያ የሚታያችሁ ፎልደር ነው። በዓመት 60 ሰዓት ይጠበቅብናል። ሰኔ ሲደርስ ሁሉም ፎርም ይዞ ይሯሯጣል። ክፍል ውስጥ ግን ምን ተለወጠ? ገንዘብም አሰልጣኝም የማይጠይቅ ዘዴ አለ፣ የአይሁድ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩበት።

ሐቭሩታ ይሉታል። ሁለት ሰዎች አንድ ጽሑፍ መሃላቸው አስቀምጠው ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ ይከራከራሉ። ታልሙድን፣ የአይሁድን የጥንት የሕግና የክርክር መጽሐፍ፣ ለዘመናት ያጠኑት እንዲህ ነው። ቦስተን አጠገብ ያለው ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲም ለአይሁድ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሲያሠለጥን ተጠቅሞበታል። መምህራኑ ስለ ዘዴው ሌክቸር ሰምተው ብቻ አልሄዱም፤ ራሳቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ተማሩበት። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው።

እኛ ጋ ጽሑፉ የተማሪ ደብተር ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል። ስሙን ሸፍኑት፣ በተለይ በር ላይ ጀበና ቡና ጋ ከተቀመጣችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

እንበል ደብተሩ ላይ 1/2 + 1/3 = 2/5 ተብሎ ተሠርቷል። አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው «አላጠናም» ነው። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጓደኛ «የቱ ጋ አየኸው? አሳየኝ» ይበል። ደብተሩ ላይ «አላጠናም» የሚል ነገር የለም። ያለው ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት የደመረ ልጅ ነው፤ ማለትም የያዘው ሥርዓት አለ፣ ሥርዓቱ ነው የተሳሳተው፣ ምናልባትም ከማባዛት ያመጣው ነው። አሁን ክርክሩ ይሞቃል። ነገ በምን እንጀምርለት? ዳቦ ቆርሰን እናሳየው ወይስ «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?» ብለን እንጠይቀው? እኔ ጥያቄውን እመርጣለሁ። ግማሽ ላይ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ እንዳገኘ ልጁ ራሱ ሲያየው፣ እኛ ሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ ከምንነግረው ይልቅ ይገባዋል።

የሚከብደው ማጣመሩ ነው። ጀማሪ መምህር ያስተማሩትን ሰው «አንቱ» እያለ ሊከራከር አይደፍርም፣ ነባሩም ሳያስበው ወደ ምክር ይገባል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጀማሪው ቀድሞ ሐሳቡን ይናገር፣ ነባሩ ይጠይቅ። ደግሞ ከመቃወማችሁ በፊት የሌላውን ሐሳብ መልሳችሁ ንገሩት፣ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ። ታልሙድ ውስጥ የጥንቱ የአይሁድ መምህር የሂሌል ተማሪዎች የተቃዋሚዎቻቸውን፣ የሌላውን መምህር የሻማይን ወገን፣ ሐሳብ ከራሳቸው አስቀድመው ያነሱ ነበር ይላል፤ ለስታፋችን በጣም የሚያስፈልግ ልማድ ነው።

ዲፓርትመንት ባይገጥም ችግር የለውም። የአፋን ኦሮሞ መምህርና የሒሳብ መምህር ቢጣመሩ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ትምህርቱን የማያውቀው ሰው ለሌላው ግልጽ የሚመስለውን ነገር ይጠይቃል። የጋራ ክፍት ፔሬድ ግን ያስፈልጋል። ፕሮግራም ሳይወጣ በፊት ርዕሰ መምህሩን አናግሩ፣ ከወጣ በኋላ ማስቀየር ጣጣ ነው።

ስትጨርሱ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ደብተሩ ላይ ያያችሁት፣ ያልተስማማችሁበት፣ ነገ ክፍል ውስጥ የምትሞክሩት። በሳምንቱ የዚያኑ ልጅ ደብተር ይዛችሁ ተመለሱና ከሥሩ የተለወጠውን ጨምሩበት። ወረቀቱን ከነቀኑ ፎልደሩ ውስጥ አስገቡት፣ ሰኔ ላይ የምታሳዩት ማስረጃ እሱ ነው።