የበየድነው ሲሰበር፦ እዚሁ የሚሠራ የትራክተር ዕቃ ችግርና መፍትሄ

ሰኔ ሲቃረብ የብየዳ ቤታችን በር አይዘጋም። አገሩ አርሲ ነው፤ ስንዴ ነው። አንዱ የሪፐር (መሬት በጥልቀት የሚሰነጥቅ የትራክተር ማረሻ) እግር ተሸክሞ ይመጣል፣ ሌላው የተሳቢ መጎተቻ። ንግግራቸው ግን አንድ ነው፦ «ብየዳው አልያዘም፤ ወፈር አድርገህ ድገመው።»

ዝም ብዬ አልደግመውም። መጀመሪያ ስብራቱን ወደ ብርሃን አውጥቼ አያለሁ። ፊቱ እንደ ስኳር ቅንጣት የሚያብረቀርቅ ከሆነ ብረቱ ሳይለጠጥ ነው የተሰበረው፤ ደርቆ ነበር ማለት ነው። ገሚሱ ዝጎ ገሚሱ አዲስ ከሆነ ስንጥቁ የዛሬ አይደለም። ወራት ሲሰፋ ከርሞ ዛሬ ጨረሰ። ተስቦና ተጣሞ ከተቀደደ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ሦስቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። በወፍራም ብየዳ የሚድን ግን አንዱም የለም።

«ከብየዳው አጠገብ እንደ ብርጭቆ ተሰበረ»

ይህን በደንብ የማውቀው ራሴ ስላጠፋሁት ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከአሮጌ አይሱዙ የወጣ ሦስት የባሌስትራ (የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ተጣጣፊ ብረት) ቅጠል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይህ ብረት ጠንካራ ነው፤ ሪፐር አድርግልኝ» አሉ። ወፍራም ቱቦላሬ ላይ በተለመደው 6013 ኤሌክትሮድ ግጥም አድርጌ በየድኩት። ተማሪዬ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ አንድ ባልዲ ውሃ ቸለሰበት። እንፋሎቱ ሲነሳ ሁላችንም ሥራ የጨረስን መስሎን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ሁለቱ እግሮች ከብየዳው ሦስት ሚሊ ያህል ራቅ ብለው፣ በቢላ የተቆረጡ ይመስል፣ ተሰብረዋል። ብየዳው ቱቦላሬው ላይ እንዳለ ነው፤ ጭረት እንኳ የለውም። «ጠንካራ ነው ብዬህ ነበር እኮ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ችግሩም እሱ ነው።

ተራው አንግልና ቱቦላሬ ውስጥ ያለው ካርቦን 0.2 በመቶ ገደማ ነው። ባሌስትራ ግን ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ይደርሳል። ካርቦን የበዛበት ብረት ግሎ ቶሎ ከቀዘቀዘ እንደ ሞረድ ይደርቃል። ሞረድ መሬት ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ደግሞ ለመድረቅ የግድ ውሃ አያስፈልገውም። በዙሪያው ያለው ወፍራም ቀዝቃዛ ብረት ራሱ ሙቀቱን ስቦ ይጨርሰዋል። ባልዲው ነገሩን አባሰው እንጂ አልጀመረውም።

ያልታወቀ ብረት ከቁራሌው ወይም ከምናለሽ ተራ ገዝታችሁ ከሆነ ግራይንደር አስነኩትና ፍንጣሪውን ጥላ ውስጥ ሆናችሁ እዩ። ተራ ብረት ረጅምና ቀጥ ያለ ብጫ ጭረት ይተፋል። ካርቦን የበዛበት ግን አጠር ብሎ እንደ ርችት ይበተናል፤ ከጫፉ ላይ ኮከብ በኮከብ ይሆናል። አጠገቡ የታወቀ የአንግል ቁራጭ ይዛችሁ ብታወዳድሩት በሁለት ደቂቃ ዓይናችሁ ይለምደዋል።

መፍትሄው? መኪናውን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ባሌስትራው ከአክስሉ ጋር በብየዳ አልተያያዘም፤ በዩ ቅርጽ ቡሎን ተጨምቆ ነው የታሰረው። እኛም እንዲሁ እናድርግ። ፍሬሙ ላይ 12 ሚሊ ላሜራ በይዱ፣ ባሌስትራውን አስተኙበት፣ ከዚያው መኪና በወጣው የዩ ቡሎን እሰሩት። ቀዳዳ አያስፈልግም። ብየዳው በሙሉ ተራ ብረት ላይ ብቻ ይሆናል። እግሩ ቢሰበር ገበሬው ማሳው ላይ በቁልፍ ብቻ ይቀይረዋል፤ ጥልቀቱንም ከፍ ዝቅ ያደርጋል። የሽማግሌውን ሪፐር እንደዚህ ነው የሠራሁት፣ በነጻ በእርግጥ።

የግድ መበየድ ካለባችሁ ግን ማሞቅ አለባችሁ። ከሚበየደው ቦታ ግራና ቀኝ አንድ መዳፍ ያህል ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ድረስ። ቴርሞሜትር ከሌለ ምጣድ መስማቱን እንደምናይ ነው። የውሃ ጠብታ ጣሉበት። ጢስ ብሎ ወዲያው ከደረቀ ገና ነው። ጠብታው ሳይደርቅ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከሮጠ 200ን አልፏል። እርጥበት ባልነካው 7018 ኤሌክትሮድ በይዱ። ስትጨርሱ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩትና እስከ ነገ ጠዋት አትንኩት። ደንበኛው ቢቸኩል ሻይ ጋብዙት።

«ብየዳው ራሱ ተላጠ»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የበያጆች ነው። ከላይ ሲያዩት ያማረ ነው፤ በመዶሻ ሲመቱት እንደ ቂጣ ይነሳል። ብረቱን አልበላውም፤ ላዩ ላይ ነው የተኛው።

ብዙ ጊዜ አምፔሩ አንሶ ነው። ለ3.2 ሚሊ 6013 ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 130 አምፔር ያስፈልጋል፤ ወፍራም ብረት ላይ ወደ ላይኛው ጠጋ በሉ። ማሽኑ 120 ይላል፣ ኤሌክትሮዱ ግን ይጣበቃል? ገመዱን ጠርጥሩ። ገጠር ውስጥ ሃምሳ ሜትር ቀጭን ገመድ ዘርግቶ የሚበይድ ስንት አለ! 220 ቮልት ይወጣል፣ 180 ሆኖ ይደርሳል። ገመዱ በእጅ ሲነካ ከሞቀ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ወፍራም ቀይሩ ወይም ማሽኑን ወደ ቆጣሪው አስጠጉ።

ቀለምና ዝገት ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። ግራይንደር አድርጉ፣ እስኪነጣ። ከ6 ሚሊ በላይ የሆነ ብረት ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም ጠርዙን በሰያፍ ሞርዳችሁ ቦይ ካላወጣችሁለት ብየዳው ውስጥ አይገባም።

ስለ 7018 አንድ ነገር። «ምርጥ ኤሌክትሮድ ነው» ተብሎ ይገዛል፣ ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እርጥበት የጠጣ 7018 ካልገዙት ይሻላል። ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጠንካራ ብረት ላይ ስንጥቅ ያመጣል፤ አንዳንዴም በማግስቱ። ለማድረቅ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ምድጃ ይፈልጋል፤ የቤት ኦቨን አይበቃውም። ትንሽ ፓኬት ግዙ፣ የከፈታችሁትን ጨርሱት። ሰፈር ውስጥ የተጠመጠመው የኤሲ ትራንስፎርመር ማሽን ደግሞ ብዙውን ጊዜ 7018ን በደንብ አያነድም፤ ዲሲ ኢንቨርተር ይሻለዋል።

እጃችሁን የምትፈትኑበት ቀላል መንገድ አለ። ሁለት ቁራጭ ላሜራ በቲ ቅርጽ በአንድ በኩል ብቻ በይዱ። ሞርሳ ላይ እሰሩና በመዶሻ ወደ ብየዳው አጥፉት። ሲሰበር ውስጡን እዩ። ጥቁር መስመር ካለ ቅርፊት ውስጡ ቀርቷል። የላሜራው ጠርዝ ሳይቀልጥ እንደነበረ ከታየ አልበላም። ተማሪ ቤቴ ሲገባ መጀመሪያ የማሠራው ይህንን ነው፤ መስበር።

«መሬት አይገባም፣ ላይ ላዩን ይሄዳል»

ሰው ወዲያው ክብደት ይጭንበታል። ድንጋይ በጆንያ አስሮ የሚመጣ አለ። በሬ ላይ ወፍራም ቀንበር እንደ መጫን ነው።

ትራክተሩ ኋላ ያለውን ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ለዓለም ያስለመደው አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን ነው፤ ስሙ ዛሬም ማሲ ፈርጉሰን ላይ አለ። ማረሻው አፈሩን ሲስብ የኋላ ጎማውን ወደ መሬት ይጫነዋል፣ ትራክተሩም ይበልጥ ይቆነጥጣል። ይህ የሚሆነው ግን ሦስቱ ነጥቦች በልካቸው ከተቀመጡ ነው። ልኩ የታወቀ ነው። ምድብ 1 ከሆነ የታችኞቹ ፒኖች 22 ሚሊ፣ የላይኛው 19 ሚሊ፤ የታችኞቹ ርቀት 683 ሚሊ፣ የላይኛው ነጥብ ከታችኞቹ ከፍታ 460 ሚሊ። ምድብ 2 ከሆነ 28 እና 25፤ ርቀቱ 825፣ ከፍታው 610። ትራክተሩን ሳይለካ በግምት የሚበይድ ሰው በኋላ ፒኑን በፌሮ ቁራጭ ሲተካ ታገኙታላችሁ። ፒኑ ይወዛወዛል፣ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፣ ከዚያ ፒኑን የሚይዘው ጆሮ ይቀደዳል። ከዚያ «ብየዳው አልያዘም»።

ልኩ ትክክል ሆኖ አሁንም ካልገባ ቶፕ ሊንኩን (የላይኛውን ማያያዣ ክንድ) አሳጥሩት። አፍንጫው ይደፋል። አሁንም እምቢ ካለ የጫፉን ተረከዝ እዩ። ከኋላው ያለው ሆድ መሬቱን ካሻሸ፣ ጫፉ የቱንም ያህል ቢሳል አይገባም። ጫፉ ከመሬቱ ጋር ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን፣ ከሥሩ ክፍተት ይኑረው።

መረሬ አፈር እርጥብ ሆኖ ሪፐር የሚያስገባ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ዕቃውን አትንኩ። ሪፐር ደረቅ መሬት ሲሰነጥቅ ነው ሥራው። እርጥቡን እንደ ቅቤ ቆርጦ ያልፋል፤ ምንም አያፈርስም።

ወደ ጎን የሚጎትት ከሆነ የሁለቱን የታች ክንዶች ከፍታ እኩል አድርጉ፤ ከዚያ የአንዱ እግር ጫፍ አልቆ እንደሆነ እዩ። የፊት ጎማው የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ከትራክተሩ ርቋል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሃያ ሳንቲሜትር እንደ ረጅም እጀታ ነው። ፍሬሙን አስጠጉ፤ የፊት ክብደት መጨመር የመጨረሻ ምርጫ ነው።

«ቡሎኑ በየቀኑ ይበጠሳል፣ የማይበጠስ ስጠኝ»

ይህን የጠየቀኝ ሰው ጊርቦክሱን ሊያስበጥስ ነበር። አንዳንድ ቡሎን የተቀመጠው እንዲበጠስ ነው። ድንጋይ ሲያገኝ ርካሹ ቡሎን ይሂድ፣ ውዱ ይቅር። ጭንቅላቱ ላይ 4.6 የሚል ቡሎን ጥንካሬው 8.8 ከሚለው ግማሽ ያህል ነው። አምራቹ ያዘዘውን ቁጥር ግዙ፤ 10.9 አታስገቡ። በየቀኑ ከተበጠሰ ምክንያቱን ፈልጉ። ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ቡሎኑ እየተወዛወዘ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ቡሽ (የብረት እጅጌ) አስገጥሙለት። የተገላቢጦሹም አለ፤ ፍሬሙን የሚያስር ቡሎን ላይ 4.6 ተደርጎ እየላላ የሚያስቸግር። እዚያ 8.8 ነው ቦታው።

ፒቲኦ (ከትራክተሩ ሞተር ኃይል የሚያወጣ የሚዞር ዘንግ) ያለው ዕቃ ላይ ሽፋኑን አውልቆ የሚያመጣልኝን አልሠራለትም። በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ዘንግ የጋቢ ጫፍ ከያዘ «ቆይ» ለማለት ጊዜ አይሰጥም።

«ለጥፌበት ነበር፣ ከልጣፉ ጫፍ ላይ ተሰነጠቀ»

አራት ማዕዘን ልጣፍ ስንጥቁን አያስቆምም፤ ወደ ራሱ ጠርዝ ያዞረዋል። መጀመሪያ የስንጥቁ መጨረሻ ላይ በትራፓኖ ቀዳዳ አውጡ፣ ስንጥቁን ሞርዳችሁ በይዱ። ከዚያ ልጣፉን ጫፉ እየጠበበ እንደሚሄድ ዓሣ ቅርጽ ቁረጡት። ቱቦላሬውን ከጎን ወደ ጎን አቋርጦ የሚያልፍ ብየዳ አታድርጉ፤ በርዝመቱ ይሂድ።

ፍሬሙ ስትበይዱት ከተጣመመ አንድ ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ስለሄዳችሁ ነው። ሁሉንም ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሁለቱን ሰያፍ ርዝመት በሜትር አወዳድሩ፣ ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየዘለላችሁ በይዱ።

ሳልረሳው፦ ትራክተሩ ላይ ተገጥሞ ያለ ዕቃ ስትበይዱ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ የመሬት መቆንጠጫውን ከብየዳው አጠገብ ያዙ። አለበለዚያ ኮረንቲው በኩሽኔታ በኩል ያልፍና ኩሽኔታውን ይበላዋል። ጋልቫናይዝድ ቱቦም ስትበይዱ ዚንኩን ሞርዳችሁ አውጡት፣ ውጭ አየር ላይ ሥሩ። ማታ ብርድ ብርድ የሚላችሁ ከጭሱ ነው። ወተት አይከላከለውም፤ እኔም ለዓመታት ጠጥቼዋለሁ።

«ጫፉ በሁለት ሳምንት አለቀ»

ተራ ብረት ሆኖ ነው። ጫፉ ከባሌስትራ ይሁን፣ በሁለት ቡሎን ይታሰር፣ ሲያልቅ ይቀየር። ማደንደኑን ደግሞ ለቀጥቃጭ ስጡ። «ቀጥቃጭ» እያልን ስንሰድብ ኖረን ማረሻችንን ግን ከእነሱ እጅ ነው ስንወስድ የኖርነው።

እኔ የምሄድበት ሰው ጎጆው ጨለማ ነው። በር እንዲከፍት ስጠይቀው «ፀሐይ ላይ ቀለም አይታይም» አለኝ። ወናፉን ሁለቴ ሦስቴ ነፍቶ ብረቱ የበሰለ ብርቱካን ሲመስል ጫፉን ብቻ አሮጌ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከረው። ውሃ ለምን እንዳላደረገ ጠየቅሁት። «ባሌስትራ በውሃ ይጮሃል» አለ። ይሰነጠቃል ማለቱ ነው። ከዚያ ፊቱን ፈግፍጎ ከላይ ያለው ሙቀት ወደ ጫፉ ሲወርድ ቀለሙን ጠበቀ። ብጫ፣ ቡና ዓይነት፣ ከዚያ ሐምራዊ። ሰማያዊ ሊሆን ሲል አቀዘቀዘው። ብጫው 220 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሰማያዊው 300። ብጫ ላይ ቢያቆመው ድንጋይ ሲያገኝ ይሰበራል።

እኔ ደግሞ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የነቀልኩትን ማግኔት አሳየሁት። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ከዚያ ትንሽ አልፎ ነው የሚነከረው። በጉጠት ይዞ ሦስት ብረት ላይ ሞከረው። ሦስቱም ጊዜ ዓይኑ ቀድሞ ነበር። ማግኔቱን ግን አልመለሰልኝም።