የፊት አጥንት ቅርጽ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና፦ እብጠትን የሚያባብሱና ማገገምን የሚያጓትቱ ስህተቶች

የመንጋጋ፣ የጉንጭ ወይም የአገጭ አጥንት ሲቆረጥና ሲስተካከል ፊት ማበጡ አይቀርም። ሐኪሙ አጥንቱ ጋ ለመድረስ ጡንቻውንና የአጥንቱን ሽፋን ያላቅቃል፤ ከተጎዱት ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚወጣው ፈሳሽም በሥጋው መካከል ይጠራቀማል። ይህ እብጠት የራሱ የጊዜ ሥርዓት አለው። ከታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ያንን ሥርዓት ካለማወቅ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ውጤቱን መገመት

እብጠቱ ጣሪያ የሚደርሰው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ፊትዎ ከመጀመሪያው ቀን ብሶ ቢያዩት አይደንግጡ። ጎልቶ የሚታየው እብጠት በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል፤ የቀረው በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ቅርጽ የሚለየው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አንዱ ጉንጭ ከሌላው ቀድሞ መጉደሉ፣ ጠዋት ላይ ፊት ከማታው ይልቅ መሙላቱ፣ ከቆዳ ሥር የፈሰሰው ደም ወደ አንገትና ደረት መውረዱ የተለመደ ነው። ለውጡን መከታተል ከፈለጉ በተመሳሳይ ሰዓትና ብርሃን በወር አንድ ጊዜ ፎቶ ይነሱ። በየሰዓቱ መስታወት ማየት ከጭንቀት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

በረዶን በባዶ ቆዳ ላይ ማድረግ

ይህ ስህተት ጠባሳ ሊያስከትል ስለሚችል ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጉንጭ፣ አገጭና የታችኛው ከንፈር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደነዝዛሉ። የደነዘዘ ቆዳ ቅዝቃዜው ሲጎዳው አይነግርዎትም፤ በረዶው ቆዳውን ሊያቆስል የሚችለውም ምንም ሳይሰማዎት ነው። በረዶውን በስስ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙ፤ ከዚያ ቢያንስ ለዚያው ያህል ጊዜ ያንሱት። በእያንዳንዱ እረፍት ቆዳውን አይተው በጣት ይንኩት፤ ከነጣ ወይም ከጠነከረ ያቁሙ። የበረዶ ጥቅሙ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪምዎ ለብ ያለ ጨርቅ ካዘዘልዎት፣ ሙቀቱን በደነዘዘው ጉንጭ ሳይሆን በእጅ አንጓዎ ውስጠኛ ክፍል ይለኩ። ሾርባና ሻይም እንዲሁ፤ ከንፈርዎ ትኩስነቱን ላይለይ ይችላል።

ራስን ብቻ በትራስ ከፍ ማድረግ

ብዙዎች ሦስት ትራስ ከጭንቅላታቸው ሥር ይደረድራሉ፤ አንገት ታጥፎ አገጭ ደረት ላይ ያርፋል፣ መተንፈስም ይከብዳል። ከፍ ማለት ያለበት ከወገብ በላይ ያለው አካል ሁሉ ነው፤ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይበቃል። ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት በጀርባ ይተኙ፤ በተለይ የጉንጭ አጥንት ከተነካ በጎን መተኛት በአጥንቱ ላይ ጫና ያሳድራል።

የፊት ማሰሪያውን አጥብቆ ማሰር

ማሰሪያ ሲጠብቅ እብጠቱ ቶሎ አይጠፋም። እንዲያውም የደም ዝውውርን ይከለክላል፣ ቆዳንም ያቆስላል። ከሥሩ አንድ ጣት ካልገባ ወይም መተንፈስና መዋጥ ካስቸገረ ጠብቋል ማለት ነው። ስንት ሰዓት እንደሚደረግ የሚወስነው ሐኪምዎ ነው። ፊትን ማሸትም እሱ ሳይፈቅድ አይጀመርም።

ስፌቱን ፈርቶ አፍን አለማጽዳት

መንጋጋ ላይ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በአፍ ውስጥ፣ ከድድ አጠገብ በሚከፈት ቁስል በኩል ነው። እዚያ የምግብ ቅሪት ከቆየ ቁስሉ ይመረቅዛል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙተው ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በቀስታ ይጉመጥመጡ፤ ውሃውን በኃይል ከመትፋት ይልቅ ከአፍዎ እንዲፈስ ይተዉት። ክሎርሄክሲዲን (ጀርም የሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ) ከታዘዘ በታዘዘው መጠን ብቻ ይጠቀሙ፤ ሲረዝም ጥርስን ያጠይማል። ጥርስዎን በለስላሳ የሕፃናት ብሩሽ ይቦርሹ፣ ስፌቱን ግን አይንኩ። በስትሮ መምጠጥ ቁስሉን ስለሚስብ ይቅር።

«አላመመኝም» ብሎ ጠንካራ ምግብ ማኘክ

የተቆረጠ አጥንት እስኪያያዝ ድረስ በፕሌት (በቀጭን የብረት ሳህን) እና በብሎን ይያዛል፤ ለመያያዝም በግምት 6 ሳምንት ይፈጃል። የማኘኪያ ጡንቻ ደግሞ በጣም ኃይለኛ ነው። ቦታው ደንዝዞ ሳለ ሕመም አለመኖሩ አጥንቱ መጥናቱን አያሳይም። ከፈሳሽ ወደ ለስላሳ፣ ከለስላሳ ወደ መደበኛ ምግብ የሚሸጋገሩት በሐኪም ፈቃድ ነው፤ ቆሎ፣ ለውዝና ማስቲካ መጨረሻ ይምጡ። በፈሳሽ ምግብ ወቅትም ፕሮቲን አይጓደል፣ ጨው ግን ይቀነስ።

መድኃኒት በራስ መጨመር

አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን መድማትን ሊጨምሩ ስለሚችሉ ሳይታዘዙ አይወሰዱ። ፓራሲታሞል ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ሳያውቁት ይደራረባል። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠብባልና ሲጋራ፣ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሁሉም ቁስልና አጥንት ቶሎ እንዳይድን ያደርጋሉ።

ሌሎቹ በአጭሩ፦ የጉንጭ አጥንት ከተሠራ አፍንጫዎን በኃይል አይናፈጡ፤ ማስነጠስ ከመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዝግታ መራመድ ይጠቅማል። ሩጫ፣ ክብደት ማንሳትና ሳውና ግን ለሳምንታት ይቆዩ።

ማንኛውንም እብጠት «ያልፋል» ብሎ መተው

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። መደበኛው እብጠት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላም መጉደል ይጀምራል። በአንድ ጎን በድንገት አብጦ የተወጠረና ሕመሙ የበረታ ፊት ከቆዳ ሥር ደም እየተጠራቀመ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ጎድሎ የነበረ እብጠት እንደገና ከተነሳ፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መግል ወይም የአፍ ሽታ ከታከለበት ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ጥርስ እንደ በፊቱ አለመግጠሙ፣ ብዥታ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየትም በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገራል። ሲደውሉ እብጠቱ የጀመረበትን ሰዓት፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ፣ የሙቀት መጠንዎንና የወሰዱትን መድኃኒት ይንገሩ። የምላስ ሥር ወይም አንገት አብጦ መተንፈስ ወይም ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ ግን ስልክ ለመደወል ጊዜ አያጥፉ። ሳይተኙ፣ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።