ድመት የበዛበት ሰፈር፦ ምልክቱ፣ መነሻው፣ መላው

ባለቤት የሌላቸው ድመቶች በዱላም በመርዝም አይቀንሱም። የሚቀንሱት የሚበሉት ሲመጠንና መውለዳቸው ሲቆም ነው። በባሕር ዳር ዓሣ ገበያ፣ በደብረ ማርቆስ ሥጋ ቤቶች ጓሮ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ወፍጮ ቤቶች ዙሪያ የሚሰማው ቅሬታ ይለያያል፤ መነሻው ግን ከእነዚህ ከሁለቱ አይርቅም። ከታች ያለው ሰው በሚያየው ምልክት ተከፋፍሎ የቀረበ ስለሆነ የራሳችሁን ችግር ፈልጋችሁ ከዚያ ጀምሩ። ቆጠራውን ግን አትዝለሉት።

መጀመሪያ ቁጠሩ

ሦስት ቀን፣ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ድመቶቹ በሚበሉበት ቦታ ቆማችሁ መዝግቡ። ቀለም፣ ጾታ፣ እርጉዝ ወይም የምታጠባ መሆኗ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ መሆኑ (የመከነች ድመት ምልክት ነው) ይጻፍ። በስልክ ፎቶ ማንሳት ይረዳል፤ ሁለት ግራጫ ድመቶችን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራልና። ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካንማ አንድ ላይ ያላት ድመት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሴት ናት። ጉንጩ ሰፍቶ አንገቱ የወፈረ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያልተኮላሸ ወንድ ነው። ያልተቆጠረ ሰፈር ውስጥ የተሠራ ሥራ መጨረሱ አይታወቅም፤ አንዲት የተረሳች ሴት ሁሉንም ከአዲስ ታስጀምራለች።

«ብናባርራቸው ይመለሳሉ፤ ብንገድላቸው ሌሎች ይመጣሉ»

ምክንያቱ ቀላል ነው። ምግቡና መጠለያው እዚያው አለ። ነባሮቹ ሲጠፉ የአጎራባች ሰፈር ድመቶች ይገባሉ፤ የተረፉትም ጠላ ቤት እንዳገኘ እንግዳ ጠግበው ብዙ ግልገል ያሳድጋሉ። ሴት ድመት በአራትና በአምስት ወር ዕድሜዋ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው ወደ 63 ቀን ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት መውለድ የተለመደ ነው፤ እያጠባችም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። በእኛ አገር የቀንና የሌሊት ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ እንደ ቀዝቃዛ አገሮች የወሊድ ዕረፍት የላቸውም።

በማዳበሪያ አስሮ ሌላ ሰፈር መጣል ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ችግሩን ለጎረቤት ማስተላለፍ ከመሆኑም በላይ፣ የተጣለችው የምታጠባ ከሆነች ግልገሎቿ ኮርኒስ ውስጥ በረሃብ ሞተው ይሸታሉ።

መላው ሁለት እግር አለው። የመጀመሪያው ቆሻሻ ነው። ሥጋ ቤቱ ጮማና አጥንቱን፣ ዓሣ ገበያው ሆድ ዕቃውንና ጭንቅላቱን ክዳን ባለው በርሜል ያኑር፤ ክዳኑ በሽቦ ወይም በድንጋይ ይያዝ፤ በዚያው ቀን ይነሣ። ይህን በአንድ ጀንበር አታድርጉት። ምግቡ በድንገት ከተቋረጠ ድመቶቹ ወደ መኖሪያ ቤቶች ይበተናሉና ለመያዝም ይከብዳሉ። ይዞ የማምከን ሥራው እየተካሄደ በሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ቀንሱ።

ሁለተኛው ማምከን ነው፤ ፍጥነት ይፈልጋል። ሃያ ድመት ካለ ቢያንስ አሥራ አምስቱ በአንድና በሁለት ወር ውስጥ መምከን አለባቸው። በዓመት አምስት አምስት ማምከን ገንዘብ ማባከን ነው፤ የቀሩት ቁጥሩን ቶሎ ይተካሉ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ሰፈር ብቻ ከሆነ አንዱን ሰፈር ጨርሱና ወደ ሌላው ተሻገሩ እንጂ ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት አትያዙ።

ወጥመድ አትገባም

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የወጥመዱ ሳጥን ብየዳ ቤት ሊሠራ ይችላል፦ ርዝመት ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ወርድ 30፣ ቁመት 35። የሽቦው ቀዳዳ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከሰፋ አፍንጫና መዳፏን አስገብታ ትጎዳለች። የብየዳው ጫፍ ሁሉ በሞረድ ይለስልስ። በሩ በራሱ ክብደት ይውደቅ፤ ከወደቀ በኋላም ከውስጥ ሲገፋ እንዳይከፈት መቀርቀሪያ ይኑረው።

ድመቷ የማትገባው ብዙውን ጊዜ ከሦስት በአንዱ ምክንያት ነው። ጠግባለች፤ ሳጥኑ ይወዛወዛል፤ ወይም ሌላዋ ስትያዝ አይታለች።

ለጠገበችው ጾሙን ተጠቀሙበት። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ከሰዓት በኋላ ድመቶቹ ይርባቸዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የሚመች የመያዣ ወቅት ነው፤ ዝናብም ብዙ አይደለም። ሐኪሙ ሐሙስ ጠዋት የሚሠራ ከሆነ ረቡዕ ማምሻውን መያዝ ልክ ይመጣል። ዓሣ ገበያ አጠገብ ግን ይህ አይሠራም፤ በጾም የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ የሚጣለውም ይበዛል። እዚያ ከሻጮቹ ጋር ተነጋግራችሁ ለአንድ ቀን ሆድ ዕቃው በሙሉ እንዲከደን ማድረግ ያስፈልጋል።

ለሳጥኑ፦ ደልዳላ መሬት ላይ አስቀምጡት፤ ወለሉን በካርቶን ሸፍኑ። በሩን በገመድ ከፍቶ አስሮ ለአንድ ሳምንት እዚያው ውስጥ መመገብ ጥሩ ነው፤ ምግቡ መጀመሪያ ደጃፉ ላይ፣ በየቀኑ ወደ ውስጥ። በመያዣው ቀን ከመርገጫው (ስትረግጠው በሩን ከሚጥለው) በስተጀርባ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ወይም የጣሳ ሳርዲን አኑሩ። ከበሩ ጀምሮ ጠብ ጠብ ያለ መንገድ ያዙ፤ ብዙ ካደረጋችሁ ግን ደጃፍ ላይ ጠግባ ትመለሳለች።

መርገጫውን የምትዘል ብልጥ ካለች መርገጫውን ተዉት። ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በሩ ሥር አቁሙ፤ አንገቱ ላይ ረጅም ሲባጎ እሰሩ፤ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ጅራቷ ሳይቀር ስትገባ ሳቡት። በዚህም እምቢ ካለች ሜትር በሜትር የሆነ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ላዩና ጎኑ መረብ የሆነ ማዕቀፍ በእንጨት አንድ ጎኑን ደግፋችሁ ሥሩ መግቡ፤ እንጨቱን በገመድ ስትስቡ ይወድቅባታል። ይህ ወዲያው በጨርቅ መሸፈን አለበት፤ ክብደትም ይጫንበት። ከዚያ ጎኑ ላይ በተሠራች ተንሸራታች በር በኩል ወደ ሳጥኑ ትተላለፋለች። በእጅ አንሥቶ ለማስተላለፍ መሞከር ንክሻ መጋበዝ ነው።

የተያዘች ድመት ከሽቦው ጋር ትጋጫለች። ወፍራም ጨርቅ ወይም አሮጌ ጋቢ ስታለብሱት በደቂቃዎች ትረጋለች። ለመያዝ የተዘጋጀ ወጥመድ ያለ ጠባቂ አትተዉ፤ ሌሊት ደግሞ ፈጽሞ። ሳጥን ውስጥ ያለች ድመት ለጅብና ለውሻ የቀረበች ምግብ ናት።

ሐኪሙ «ድመት ሠርቼ አላውቅም» ሲል

በየወረዳው ያለው የእንስሳት ሐኪም ልምዱ በአብዛኛው በበሬ፣ በበግና በፍየል ነው። ይህ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ወይፈን የሚኮላሽበት ቡርዲዞ ለድመት አይሆንም። ድመት የሚሠራው ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ነው። ከመስማማታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ በምን ያስተኛል? (ኬታሚን ከዛይላዚን ወይም ከዲያዜፓም ጋር የተለመደ ነው።) ቁስሉን የሚሰፋው ራሱ በሚሟሟ ክር ነው? ክር ለማውጣት እንደገና የምትያዝ አይደለችምና። የሕመም ማስታገሻው ምንድን ነው? ፓራሲታሞል ከሆነ እምቢ በሉ፤ ድመትን ይገድላል።

ትልቋ ድመት ከቀዶ ጥገናው በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ምግብ አትብላ፤ ውሃ ይሰጣት። ግልገል ግን ከአራት ሰዓት በላይ ከጾመ ስኳሩ ይወርዳል። ከአንድ ኪሎ በታች የሆነ ግልገል ቆይቶ ይመለስ። የምታጠባ ከሆነች ለሐኪሙ ንገሩት፤ ከጎን በኩል ሊሠራት ይችላል፤ ከአንድ ቀን በላይም አታቆዩአት።

በዚያው እንቅልፍ ላይ ሁለት ነገር ይጨመር። አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ሌላው የግራ ጆሮ ጫፍ በአንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ መቆረጥ። የጆሮው ነገር ጎረቤትን ያስቆጣል፤ አስቀድማችሁ አስረዱ። ከሩቅ የሚታይ ሌላ ምልክት የለም፤ ያለዚያ ያቺው ድመት ለሁለተኛ ጊዜ ሆዷ ይከፈታል።

ወፍጮ ቤትና እህል መጋዘን «ካመከናችኋት አይጥ መያዝ ትተዋለች» ብለው ይከለክላሉ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም እንደሚባለው ነው፤ አደን ከመውለድ ጋር አልተያያዘም። እንዲያውም ለጸብና ለፍለጋ ስለማትርቅ መጋዘኑ አካባቢ ትውላለች።

ከቀዶ ጥገና በኋላ ቶሎ አትነቃም፣ ትንቀጠቀጣለች

ዋናው ምክንያት ብርድ ነው። የተኛች ድመት ሙቀቷን መጠበቅ አትችልም፤ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ደግሞ ከፍታቸው ከ2400 ሜትር የማያንስ ስለሆነ ሌሊቱ ይከብዳል። ሳጥኑን ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሥታችሁ በካርቶን ላይ አኑሩ። ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎኗ አድርጉ፤ ያልተጠቀለለ ያቃጥላል። በጎኗ ትተኛ፤ አንገቷ ይዘርጋ። እስክትቆም ምግብም ውሃም የለም፤ ትታነቃለች።

ድዷ ነጭ ከሆነ፣ ከቁስሉ ደም ጠብ ጠብ ማለቱ ካላቆመ፣ ወይም በማግስቱም ምግብ ካልነካች ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ደህና ከሆነች ወንድ 24 ሰዓት፣ ሴት እስከ 48 ሰዓት ቆይተው ጠዋት፣ በተያዙበት ቦታ ይለቀቁ። ሌላ ቦታ መልቀቅ ከማዳበሪያው አይለይም።

የተኮላሸ ወንድ ወዲያው አይመክንም፤ ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ይችላል። ከወር በኋላ ያረገዘች ብታዩ ቀዶ ጥገናው ከሸፈ አትበሉ።

ሌሊት ይጮኻሉ፣ ግድግዳው ይሸታል

ይህ ያልተኮላሹ ወንዶችና ስሪያ የፈለገች ሴት ሥራ ነው። ሲመክኑ በሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል። የቆየውን ሽታ በሳሙናና በኮምጣጤ እጠቡ። በአሞኒያ ማጽጃ ካጠባችሁ ሽንት ስለሚመስላቸው እላዩ ላይ ይደግሙበታል።

ይበላሉ፣ ግን ይከሳሉ፣ ያስቀምጣቸዋል

የሚሰጣቸውን እዩ። በወጥ የተነከረ እንጀራ ደግነት ይመስላል፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የላም ወተት ትልልቆቹን ያስቀምጣል፤ ግልገልንም በድርቀት ሊገድል ይችላል። የሚሻለው የተቀቀለ ሳንባ፣ ቅንጥብጣቢ ሥጋ ወይም እሾኹ የወጣ ዓሣ ነው፤ ለአንድ ትልቅ ድመት በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ይበቃል። ጨውና በርበሬ አይግባበት።

ሰዓቱም ይወስናል። ጠዋት አብሉ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልተበላውን አንሡ። ማታ የተተወ ትራፊ የሚጠራው ጅብን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ የሚጠላው ጅቡን ሳይሆን መጋቢውን ይሆናል።

በድንገት ሁለት ሦስት ሞተው ተገኙ

መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ጠርጥሩ። መርዙን ራሱን ባይበሉ እንኳ የተመረዘ አይጥ ይበላሉ። ግራጫማ ጥቁር ዱቄት የሆነው ዚንክ ፎስፋይድ ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይሆናል፤ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የሚመስል ሽታ አለው። ወተት መጋት የለመድነው መድኃኒት ነው፤ እዚህ ግን ምግብና ወተት አሲዱን ስለሚያስነሣ ያባብሳል። ምንም ሳትሰጡ ወደ ሐኪም ውሰዱ፤ ባጃጅ ውስጥ ከሆነ ሸራው ይከፈት፤ ትውከቱ የሚያወጣውን ጋዝ አትተንፍሱ። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት ደግሞ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፤ ከአፍንጫና ከድድ ይደማል፤ ሐኪም ቫይታሚን ኬ ይሰጣል።

ሌላው ጠርጥሩት የምንለው የከብት መዥገር መድኃኒት ነው። ቁንጫ ያስወግዳል ተብሎ የሚረጨው ዲያዚኖን ወይም ፐርሜትሪን ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። የተረጨችን ድመት በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ለሐኪም አሳዩ።

ኮርኒስ ውስጥ ግልገሎች ይጮኻሉ

አትቸኩሉ። እናት ለአደን ለሰዓታት ትወጣለች። ግልገሎቹ ሆዳቸው ሞላ ያለና ንጹሕ ከሆኑ እናት አላቸው። እናቲቱ እስክትመለስ ከሩቅ ጠብቁ። ሰው ቤት የሚገቡ ከሆነ የሚለመዱት ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ይከብዳል። እናቲቱን አብራችሁ ያዙና አምክኑ፤ የገቡበትን የቆርቆሮ ክፍተት የምትደፍኑት ሁሉም መውጣታቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ነከሰችኝ፣ ቧጨረችኝ

ቁስሉን በሚፈስስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይይዛል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ጠባቧ ቀዳዳ በአንድ ቀን ውስጥ ልትመግል ትችላለች፤ ፀረ ባክቴሪያ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። የነከሰችው ድመት ከተያዘች ተለይታ ለ10 ቀን ትታይ። ብትያዝም ብትሸሽም ግን ውጤት አትጠብቁ፤ ክትባቱን ጀምሩ። ለሰው የማትቀርበው ድመት በድንገት ከተጠጋች፣ ለሃጯ ከተዝረከረከ ወይም ከተንገዳገደች በእጅ አትንኩ፤ ልጆችን አርቁና ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤቱ ንገሩ።