የወንዝ ስቲንግሬይ ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉን እንዴት ታጣራላችሁ?

ስቲንግሬይ የሚባሉትን፣ ጅራታቸው ላይ መርዛማ እሾህ ያላቸውን ጠፍጣፋ ዓሦች አረባለሁ፤ ከልቤም እወዳቸዋለሁ። «ልገዛ ነው» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ግን ስለ ገንዳና ስለ ማጣሪያ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ የምትኖርበት አገር፣ ክልልና ከተማ ይፈቅዳሉ? ያለ ፈቃድ የተያዘ ዓሣ ከተወረሰ ዕጣው በባለቤቱ እጅ አይደለም። የሚጎዳውም ከሁሉ በፊት ዓሣው ነው።

ማጣራት የሚጀመረው ከስም ነው። ገበያው «ቲካፕ»፣ «ብላክ ዳይመንድ» እያለ ይሸጣል። «ቲካፕ» የሚባል ዝርያ ግን የለም፤ ገና ትንንሽ ለሆኑ የተለያዩ ዝርያዎች ልጆች የሚለጠፍ የመሸጫ ስም ነው። ሕጉ የሚጽፈው ሳይንሳዊውን ስም፣ ብዙ ጊዜም የቤተሰቡን ስም ነው፦ ፖታሞትራይጎኒዴ። በአማዞን፣ በኦሪኖኮና በፓራና ወንዞች የሚኖሩት የደቡብ አሜሪካ ስቲንግሬዮች ሁሉ እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። በገበያ ስሙ ብቻ ፈልጋችሁ ምንም ስላላገኛችሁ ተፈቅዷል ብላችሁ አትደምድሙ።

ከሻጩ የጀርባውን ብቻ ሳይሆን የሆዱንም ፎቶ ጠይቁ። ስቲንግሬይ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሽቅብ ሲወጣ አፉና በግራና በቀኝ አምስት አምስት ሆነው የተደረደሩት የስንጥብ ቀዳዳዎቹ ወለል ብለው ይታያሉ። የሆዱ ቀለም ዝርያውን ለመለየት ይረዳል። በጅራቱ ሥር ጣት የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ካሉት ደግሞ ወንድ ነው። ወንድና ሴት አብራችሁ ካኖራችሁ ሊዋለዱ ስለሚችሉ፣ ፈቃድ በሚጠየቅበት ቦታ የልጆቹን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስሙን ከያዛችሁ በኋላ የአካባቢያችሁን ዝርዝር አንብቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝርዝሩ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳያይ ነው። አንዳንዱ ሕግ የተከለከሉትን ይዘረዝራል፣ ያልተጠቀሰው ይፈቀዳል። ሌላው የተፈቀዱትን ይዘረዝራል፣ ያልተጠቀሰው ይከለከላል፤ አውስትራሊያ ከውጭ ለሚገቡ እንስሳት የምትከተለው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ኔቫዳ መላውን ቤተሰብ በስም ጠቅሰው ይከለክላሉ። ጆርጂያ ደግሞ ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው የዱር እንስሳት ጋር ትመድበዋለች። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፦ ጅራቱ ላይ ያለው እሾህ መርዛማ ነው፣ ዓሣው ወንዝ ወይም ሐይቅ ከገባም ሊራባ ይችላል። ሕጉን ስታነቡ የወጣበትን ሳይሆን መጨረሻ የተሻሻለበትን ቀን ተመልከቱ።

ቀጥሎ ዓለም አቀፉ ንግድ አለ። የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ፓናማ ላይ ባደረገው ጉባኤ ከዚሁ ቤተሰብ 7 የፖታሞትራይጎን ዝርያዎችን አባሪ 2 ውስጥ፣ ማለትም ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ በሚካሄድ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ፣ አስገብቷል። ውሳኔው የጸናው ከፌብሩወሪ 23 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። ከሰባቱ መካከል ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ በብራዚሉ ሺንጉ ወንዝ የሚኖረው ሊዮፖልዲ እና በቶካንቲንስ ወንዝ የሚኖረው ሄንሊ ይገኛሉ። እነዚህ ዓሦች በአንድ ጊዜ የሚወልዱት ጥቂት ልጅ ነው፤ የሚኖሩበትም አካባቢ ጠባብ ነው። እኔ ቁጥጥሩን በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ሞቶሮ የተባለው ዝርያ በበኩሉ ኮሎምቢያ ባቀረበችው ጥያቄ አባሪ 3 ውስጥ፣ ማለትም አንድ አገር በራሱ ጥያቄ በሚያስመዘግባቸው ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ነው።

በተግባር ይህ ማለት፣ አባሪ 2 ውስጥ ያለ ዓሣ ድንበር ሲሻገር የላኪው አገር የኤክስፖርት ፈቃድ አብሮት ሊኖር ይገባል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በዚህ ላይ የራሱን የኢምፖርት ፈቃድ ይጨምራል። ወረቀቱን በእጃችሁ ስትይዙ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛው ሳይንሳዊው ስም ከዓሣው ጋር መግጠሙ ነው። ሁለተኛው የምንጭ ኮዱ ነው፦ «ደብሊው» ከዱር የተያዘ፣ «ሲ» በእርባታ የተገኘ ማለት ነው። ሦስተኛው ቀኑ ነው፤ የኤክስፖርት ፈቃድ ከ6 ወር በላይ አያገለግልም። «ዲቃላ ስለሆነ ወረቀት አይፈልግም» ለሚላችሁ ሻጭ ጆሮ አትስጡ፤ በቅርብ የዘር ሐረጉ አባሪ 2 ውስጥ ያለ ወላጅ ያለው ዲቃላም በዚያው ቁጥጥር ሥር ነው። ዓሣው እዚያው አገር የተወለደ ከሆነ ደግሞ የአርቢውን ደረሰኝ ጠይቁ። ዝርያው፣ የተወለደበት ቀንና የወላጆቹ ምንጭ ይጻፍበት።

ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላም ለዱር እንስሳት ወይም ለዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ጻፉ። በስልክ አትጠይቁ፣ የቃል መልስ ማስረጃ አይሆንም። አጭር ይሁን፦ «በዚህ ከተማ ነዋሪ ነኝ። የፖታሞትራይጎኒዴ ቤተሰብ የሆነ ፖታሞትራይጎን ሞቶሮ የተባለ አንድ ዓሣ በቤቴ አኳሪየም ማኖር እፈልጋለሁ። ይፈቀዳል? ፈቃድ ካስፈለገ የት አመለክታለሁ? የሕጉን አንቀጽ ቢጠቅሱልኝ።» የአንቀጹን ጥያቄ አትተዉት፣ መልስ ሰጪው ሕጉን ከፍቶ እንዲያይ ያደርገዋል። መልሱን አትማችሁ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ።

መርዛማ እንስሳ የሚከለክሉ የከተማ ደንቦች አሉ፤ የኪራይና የመድን ውላችሁንም እዩ። ቤት ስትቀይሩ ደግሞ የምትሄዱበትን ቦታ ሕግ እንደ አዲስ አጣሩ። በአሜሪካ የግዛት ሕግ ጥሶ እንስሳ ከግዛት ግዛት ማሻገር፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ባለው የሌሲ ሕግ፣ የፌደራል ጥፋትም ይሆናል።

ዓሣው በእጃችሁ ካለና ክልክል መሆኑን አሁን ካወቃችሁ፣ እባካችሁ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት። ሲንጋፖር ውስጥ በአፐር ሰለታር የውሃ ማጠራቀሚያ የሞቶሮ ስቲንግሬዮች እየተዋለዱ ተገኝተዋል፤ የተፈጥሮ አገራቸው ደግሞ ከዚያ ውቅያኖስ ማዶ ነው። ፍሎሪዳ ባለቤቶች ባዕድ እንስሳትን ያለ ቅጣት የሚያስረክቡበት ፕሮግራም አላት። እናንተ ባላችሁበት ተመሳሳይ ነገር መኖሩን መሥሪያ ቤቱን ወይም ሕጋዊ ፈቃድ ያለው የሕዝብ አኳሪየም ጠይቁ። የሚረከብ እስኪገኝ ድረስ ዓሣውን መመገብና ውሃውን መቀየር አታቋርጡ፤ እጃችሁን ገንዳው ውስጥ ስትከቱም ጅራቱ ወዴት እንደሆነ እያያችሁ ይሁን።